ሥራ በጀመሩ ማግስት የሚመጣ ጭንቀት፦ ጥያቄና መልስ

ሥራ ከጀመራችሁ ብዙም ያልቆያችሁ ወጣቶች ስለ ጭንቀትና ስለ ድካም ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች፣ በአእምሮ ሕክምና ነርስነቴ ከማውቀው ተነሥቼ መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ ባንክ ተቀጥሬ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። እሑድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ሒሳብ የምዘጋበት ሰዓት ሲደርስም ሆዴን ይቆርጠኛል። ይህ በሽታ ነው?

መልስ፦ ገንዘብ ቢጎድል ከኪሱ እንደሚተካ የሚያስብ ሰው በመዝጊያ ሰዓት ሆዱን ቢቆርጠው አያስደንቅም። ቅዳሜ ከጓደኞችዎ ጋር ሲሆኑ የሚስቁና ምግብ የሚጣፍጥዎ ከሆነ፣ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የሥራው ሁኔታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚያስከትለውን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አለው እንጂ በሽታ አላለውም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሚከፋዎት፣ ይወዱት የነበረው ሁሉ የሚያስጠላዎት፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ የተዛባ ከሆነና ይህም ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል «ይለመዳል» እያሉ መጠበቅ አይገባም።

ጥያቄ፦ የደመወዜን ግማሽ ለቤተሰብ እልካለሁ፤ የቤት ኪራይ ከከፈልኩ በኋላ ወር አልደርስም። እንዳልነግራቸው ይሉኝታ ያዘኝ።

መልስ፦ ያሳደጉ ወላጆችን መርዳት የሚያስከብር ነውና አቁሙ አልልም። ይልቁንስ የሚጎዳው መደበቁ ነው፤ ቤተሰብ ሳያውቅ ይጠይቃል፣ ልጅ ተበድሮ ይልካል። እጅዎ ላይ የሚደርሰውን ደመወዝ፣ ኪራዩንና ትራንስፖርቱን ዘርዝረው ይንገሯቸው፤ ከከበደዎ በሚሰሙት አጎት ወይም በታላቅ እህት በኩል ያድርጉት። ከዚያም በየወሩ የሚልኩትን ቁርጥ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ብታከም አለቃዬ ያውቃል? ከሥራስ እባረራለሁ?

መልስ፦ ሐኪም የታካሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደርና የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ደግሞ፣ በሐኪም ማስረጃ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። በ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ላይ ላሉ ይህ ከለላ አለመኖሩ ያሳስበኛል፤ ቢሆንም በዚያ ምክንያት ሕክምናውን አያዘግዩ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል መታየትን የሚያፍሩ አሉ፤ አገልግሎቱ በሌሎች ሆስፒታሎችም ስለሚሰጥ፣ በሚቀርብዎ ጤና ጣቢያ ጀምረው ሪፈር ማስጻፍ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ ሱስ ይሆናል? ጸበልስ?

መልስ፦ የድባቴ መድኃኒት ሱስ አያስይዝም፤ ነገር ግን ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ በመሀል አያቋርጡት። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱንም ሊወስድ ይችላል፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ጥያቄ፦ አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ «ሞት ይሻለኛል» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ራሱን ለመጉዳት ያስብ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተዉት፤ ዛሬውኑ አብረውት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።