አንድሮይድ ክፍት ከሆነ ስልኬ ለምን ይከታተለኛል?

"አንድሮይድ ክፍት ምንጭ ነው ከተባለ ስልኬ ለምን መረጃዬን ይልካል?" ላልከው፣ ክፍት የሆነው መሠረቱ ብቻ ነው። ኮዱን ማንም አውርዶ ማንበብም ማሻሻልም ይችላል። ስልክህ ላይ የተጫነው ግን ያ ብቻ አይደለም፤ ከላዩ ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ የሚባለው የጉግል ፕሮግራም አለ፣ እሱ ዝግ ነው፣ የአምራቹም አፖች አሉ፤ መረጃህን በዋናነት የሚልኩት እነዚህ ናቸው፣ ብዙዎቹን ደግሞ ማጥፋት እንኳ አይፈቀድልህም። በገዛ ስልክህ! እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ቀላሉ መንገድ ኤፍድሮይድን (እንደ ፕሌይ ስቶር ያለ የአፕ ማውረጃ ነው) ጭነህ አፖችህን ከዚያ መውሰድ ነው። እዛ ያሉት ክፍት ምንጭ ናቸው፤ አፑ የሚከታተልህ ነገር ካለው ገጹ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ታየዋለህ። ከዚያ ሴቲንግ ገብተህ የእያንዳንዱን አፕ ፈቃድ እይ። የእጅ ባትሪ አፕ ኮንታክትህን ከጠየቀ ወዲያው አጥፋው።

ጠለቅ ማለት ከፈለግክ ስልኩ ላይ ያለውን ሲስተም ራሱን በሌላ አንድሮይድ መተካት ትችላለህ፤ ሊኒጅኦኤስ አለ፤ ስልክህ የጉግል ፒክስል ከሆነ ግን ግራፊንኦኤስ ይሻልሃል። እነዚህን ለመጫን ቡትሎደሩን (ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን የተቆለፈ ፕሮግራም) ስትከፍት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ባክአፕ አድርግ። አንዳንድ የባንክ አፖችም አልሠራም ሊሉህ ይችላሉ። ቡትሎደሩን ጭራሽ የማያስከፍቱ አምራቾችም ስላሉ፣ አዲስ ስልክ ከመግዛትህ በፊት ይህን አጣራ።