ኮሮላ ወይስ ራቭ ፎር? ሦስት ልጆች ይዛ ወደ ሜሪላንድ ለምትመጣ እህት

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ቪዛችሁ ወጥቶ ከአዲስ አበባ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ልትመጡ ነው። ልጆቻችሁ የ7 ዓመት፣ የ4 ዓመትና የ10 ወር ናቸው። ለመኪና የያዛችሁት 11,000 ዶላር ነው። አንቺ ኮሮላ ትያለሽ፣ ባለቤትሽ ራቭ ፎር ይላል፣ እዚህ ያለው የአጎቱ ልጅ ደግሞ «አዲስ በብድር አውጡ፣ ክሬዲትም ትሠራላችሁ» እያለ ነው፤ ክሬዲት የሚለው ተበድሮ በጊዜው የመክፈል ታሪክን ነው። ሦስታችሁንም ባስቀይም ይቅር በሉኝ፤ በእኔ አስተያየት ከሦስቱ አንዱም ለእናንተ አይሆንም። እኔም ሦስት ልጆች ይዤ ነው እዚህ ሜሪላንድ የኖርኩት፤ ስለዚህ የምነግርሽ ከጋራዥ ደጃፍና ከኢንሹራንስ ደረሰኝ የተማርኩትን ነው።

በመጀመሪያ የኋላውን ወንበር አስቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ፣ ትልልቆቹ ተጠጋግተው፣ አክስትም ተጨምራ አንድ ቪትዝ ስንቱን ትሸከማለች። ሜሪላንድ ውስጥ ግን 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ቁመቱ ወደ 145 ሴንቲሜትር ካልደረሰ በቀር፣ በልጆች መቀመጫ ታስሮ መሄድ አለበት። 2 ዓመት ያልሞላው ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጣል። የእናንተ ሦስቱም ልጆች በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። አንድ የልጅ መቀመጫ 45 ሴንቲሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ስፋት አለው። ሦስቱን ኮሮላ ላይ ጎን ለጎን ለመደርደር የምትሞክሪ ከሆነ የመሀለኛው አየር ላይ ይንሳፈፋል ወይም የጎኑ በር አይዘጋም። ጠበብ ተደርገው የተሠሩ መቀመጫዎች አሉ፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። ቢገቡ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። የ7 ዓመቱ ልጅ ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ ሆኖ ቀበቶውን ራሱ የሚያስረው እጁን ወደ መቆለፊያው አስገብቶ ነው፤ ሦስቱ መቀመጫዎች ተጣብቀው ሲቆሙ እጅ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ፣ በጥር ብርድ፣ ወገብሽን አጉብጠሽ የምትታገይው አንቺ ነሽ። የሕፃኑ መቀመጫ ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ ቦታ ስለሚወስድ የፊተኛውን ወንበር ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ባለቤትሽ ረጅም ሰው ከሆነ ጉልበቱ ከዳሽቦርዱ ጋር ይጋጫል።

ከ2003 ሞዴል ወዲህ በተሠሩ መኪኖች ላይ የልጅ መቀመጫ የሚታሰርባቸው የብረት ማያያዣዎች አሉ። በአብዛኛው ግን የሚገኙት በግራና በቀኝ ወንበሮች ብቻ ነው፤ መሀል ላይ የሚቀመጠው በመኪናው ቀበቶ ይታሰራል። ይህም ሕጋዊ ነው፣ በትክክል ከታሰረ። ሌላው ቢቀር ለልጅ መቀመጫ የሚሆን ገንዘብ ከ11,000 ዶላሩ ላይ አሁኑኑ ቀንሺ። ያገለገለ መቀመጫ ከማታውቂው ሰው አትግዢ፤ አደጋ አይቶ እንደሆነ ከላዩ አይታወቅም፣ የአገልግሎት ጊዜውም ሊያልፍ ይችላል።

ራቭ ፎርም ከኋላ ወንበሩ አንጻር ከኮሮላ ያን ያህል አይሻልም፤ ከፍ ያለ ነው እንጂ ሰፊ አይደለም። ባለቤትሽ አጥብቆ ከያዘ፣ ከ2006 እስከ 2012 ሞዴል ባሉት ውስጥ ሦስተኛ ረድፍ ያላቸው ጥቂቶች እንዳሉ ንገሪው። ግን ያ ረድፍ ትንሽ ልጅ እንጂ ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት አይደለም፣ ተዘርግቶ ሳለም ከኋላው ሻንጣ ማስቀመጫ አይቀርም። በዚያ ላይ ከ2006 እስከ 2008 ባለው ራቭ ፎርና ከ2007 እስከ 2009 ባለው ካምሪ ላይ የነበረው 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት በመብላት የታወቀ ነው። ኩባንያው ራሱ ለዚህ ችግር የዋስትና ማራዘሚያ አውጥቶ ነበር። ቶዮታ ሁሉ አንድ አይደለም ማለቴ ነው፤ እኛ ሐበሾች ስሙን ካየን ዓመቱንና ሞተሩን መጠየቅ እንተዋለን።

ለእናንተ የሚሆነው ተንሸራታች በር ያለው የቤተሰብ መኪና፣ ሚኒቫን የሚባለው ነው። ወንዶች አይወዱትም፣ አውቃለሁ። በመኪና ማቆሚያ ጠባብ ቦታ ላይ በሩ ተንሸራቶ ሲከፈት፣ የጎረቤት መኪና ሳይነካ ልጅ ሲወርድ ያዩ ዕለት ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። የመጀመሪያ ምርጫዬ የቶዮታው ሲየና ነው። ከ2007 ጀምሮ የገባው 3.5 ሊትር ሞተር ውስጡ በብረት ካቴና ስለሚሠራ፣ በየጊዜው የሚቀየረው የጎማ ቀበቶ፣ ታይሚንግ ቺንጋ የሚባለው፣ ወጪ የለበትም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ግን ቺንጋ ነው። ከ2011 እስከ 2014 ያለውን፣ ከ120,000 እስከ 150,000 ማይል የሄደውን ፈልጉ። 150,000 ማይል ወደ 240,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቁጥሩ ያስደነግጥሻል። በደንብ የተያዘ ከሆነ ግን ገና ብዙ ይሄዳል፤ የእኛም መኪና በዚህ ዕድሜ ነው የገባው። በአራቱም ጎማ የሚጎተተውን ሲየና ግን ይቅርባችሁ። የዚያ ዘመን አራት ጎማ ጎታች ሲየና የሚጠቀመው ሲተነፍስም መሄድ የሚችል ልዩ ጎማ ነው፤ ዋጋው ከተራው ጎማ በጣም ይበልጣል፣ ትርፍ ጎማም የለውም። ለሲልቨር ስፕሪንግ በረዶ የፊት ጎማ ጎታችና ጥሩ ጎማ ይበቃል፤ በረዶው ሲከብድ ትምህርት ቤቱም ይዘጋል።

ሆንዳ ኦዲሲም ጥሩ ነው፣ ለመንዳትም ይጥማል። ሞተሩ ግን በቺንጋ የሚሠራ ስለሆነ ወደ 100,000 ማይል ሲጠጋ ይቀየራል። ሻጩን «ቺንጋው ተቀይሯል ወይ? ደረሰኙስ?» ብለሽ ጠይቂው፤ ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለሽ ያዢና ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሺ። ከ1999 እስከ 2004 ያሉት ኦዲሲዎች በአውቶማቲክ ማርሻቸው ብልሽት ስማቸው የጠፋ ነው፤ በርካሽ ቢቀርቡም አትጠጉ። ሁለቱም ከአቅም በላይ ከሆኑባችሁ ዶጅ ግራንድ ካራቫን በተመሳሳይ ገንዘብ የቅርብ ዓመት ሞዴልና ያነሰ ማይል ይሰጣችኋል፣ ወንበሮቹም ወለሉ ውስጥ ታጥፈው ይገባሉ፤ በጥንካሬው ግን ከሁለቱ አይወዳደርም። ማንም ስሙን የማያነሳው መኪና ደግሞ አለ፦ ማዝዳ 5። እስከ 2015 ሞዴል ድረስ እዚህ ተሸጧል። ስድስት ወንበር፣ ተንሸራታች በርና አራት ሲሊንደር ያለው፣ ለማቆም የሚመች ትንሽ መኪና ነው። ሻንጣ አይችልም እንጂ ለከተማ ኑሮ ልክ ነው። ማንም ስለማይሻማበት ዋጋው አይወደድም።

ሚኒቫን ነዳጅ ይበላል ማለትሽ አይቀርም። እናስላው። የዚያ ዘመን ሲየና በአማካይ በጋሎን 21 ማይል አካባቢ ይሄዳል፣ ኮሮላ ደግሞ 29። በዓመት 12,000 ማይል ብትነዱ ለሲየና 571፣ ለኮሮላ 414 ጋሎን ያስፈልጋል። ልዩነቱ 157 ጋሎን ነው። ጋሎኑ 3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ቢሆን በዓመት ወደ 520፣ በወር ወደ 43 ዶላር ነው። ሦስት ልጅ ተመችቶት ለሚሄድበት ብዙ ነው አልልም።

አሁን ወደ አጎትየው ልጅ ልሂድ። ይህ ምክር በየቤቱ ስለሚሰጥ ትንሽ ያናድደኛል። አዲስ የመጣ ሰው የክሬዲት ታሪክ ስለሌለው የሚጠየቀው ወለድ ከፍተኛ ነው። 28,000 ዶላር በ14 ከመቶ ወለድ ለ6 ዓመት ብትበደሩ በወር 577 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ፤ ሲያልቅ የከፈላችሁት ከ41,500 ዶላር በላይ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ገዝተሽ የነዳሽው መኪና ከዓመታት በኋላ ከገዛሽበት በላይ ሊሸጥ ይችላል። እዚህ ግን አዲስ መኪና ከመሸጫው ግቢ በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል። በዚያ ላይ አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ እንድትገቡ ያስገድዳል። የእናንተ የአዲስ አበባ የመንዳት ልምድ ደግሞ በአብዛኞቹ መድን ድርጅቶች ዘንድ አይቆጠርም፤ እንደ ጀማሪ ሹፌር ነው የሚያዩአችሁ። በጥሬ ገንዘብ የተገዛ አሮጌ መኪና ከሆነ ግን ለሌላው ሰው ጉዳት ብቻ የሚከፍለውን መድን መግባት ይቻላል። የሜሪላንድ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 30,000፣ ለአንድ አደጋ ሰዎች ሁሉ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ዶላር ነው። ከዝቅተኛው ከፍ አድርጉት። በ15,000 ዶላር ዛሬ የሰው አዲስ መኪና አይጠገንም፤ የተረፈው ከኪስ ነው። ክሬዲቱ ደግሞ ባንክ ውስጥ መጠነኛ ገንዘብ አስይዞ በሚሰጥ ካርድ፣ ነዳጅና አስቤዛ እየገዙ በወሩ በመክፈል ይሠራል። ለዚያ መኪና አያስፈልግም።

መኪናውን ከመግዛትሽ በፊት የመለያ ቁጥሩን ይዘሽ ኢንሹራንሱን ጠይቂ። ሁለት ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸው መኪኖች በወር ብዙ ሊለያዩ ይችላሉ። ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ ኪያዎች፣ ከ2015 እስከ 2021 ደግሞ ብዙ ሃዩንዳዮች፣ በቁልፍ የሚነሡት ማለቴ ነው፣ የስርቆት መከላከያ መቆለፊያ ሳይኖራቸው ስለወጡ ሌቦች አጥብቀው ያዟቸው፤ አንዳንድ መድን ድርጅቶችም መሸፈን እምቢ ብለው ነበር። የድሮው ፕሪየስ ደግሞ ጭስ ማጣሪያው እየተቆረጠ ይሰረቃል።

አገር ቤት መኪና ስንመርጥ መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል ወይ ብለን ነበር፤ መካኒኩ ርካሽ ነው፣ ዕቃው ነው የሚወደደው። እዚህ ተቃራኒው ነው። ዕቃው በማግስቱ ይደርሳል፣ የመካኒኩ ሰዓት ግን ከ100 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ከ100 እስከ 200 ዶላር ከፍላችሁ፣ ሻጩ በማያውቀው ጋራዥ፣ መኪናው ከፍ ተደርጎ ይታይ። ይህን እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ቻው በይው። ከታች ዝገት እዩ፤ በክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው የፍሬን ቱቦና ሻንሲ ይበላል፣ ከሰሜን የመጡ መኪኖች ደግሞ ይብስባቸዋል። የትርፍ ጎማውን ጉድጓድ ክፈቱ፤ ደረቅ ጭቃ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ የወጣ ሊሆን ይችላል። ካርፋክስ የሚባለው የመኪና ታሪክ ሪፖርት ይጠቅማል፣ ግን ያልተነገረውን አደጋ አያውቅም። 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የመለያ ቁጥር በመንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አስገቡ፤ ጥገና ያልተደረገለት ጥሪ፣ ማለትም ፋብሪካው ለጉድለት ማስተካከያ መልሱልኝ ያለበት፣ ካለ ይነግራችኋል። በተለይ ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ጉድለት ያለባቸው ኤርባጎች ጥሪ ብዙ መኪኖችን ይነካል፣ ቅያሬውም ነፃ ነው። የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ «ሳልቬጅ» (በከባድ ጉዳት ከአገልግሎት የወጣ) ወይም «ሪቢልት» (ከዚያ በኋላ እንደገና የተሠራ) የሚል ካለ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ተዉት፤ ለመሸጥ ስትሞክሩ ችግሩ የእናንተ ይሆናል።

ከነጋዴ ስትገዙ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፤ «አዝ ኢዝ»፣ ማለትም «እንዳለ»፣ የሚል ከሆነ በማግስቱ ቢበላሽ ወጪው የእናንተ ነው። በ3 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚባለው ለመኪና አይሠራም። ዋጋውንም «ሁሉም ተጨምሮ ከግቢው የሚወጣበት ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በሜሪላንድ የመኪና ግብሩ ከሐምሌ 2025 በፈረንጆች ወዲህ 6.5 ከመቶ ነው። ድንበር ተሻግረው ቨርጂኒያ የሚኖሩት ሲገዙ የሚከፍሉት 4.15 ከመቶ ቢሆንም በየዓመቱ የመኪና ንብረት ግብር አለባቸው፤ እናንተ ያ የለባችሁም። ከግለሰብ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና በስማችሁ ከመዞሩ በፊት የደህንነት ምርመራ ማለፍ አለበት። ምርመራውን ሻጩ እንዲያሳልፈው ጠይቁ። «ያልፋል፣ ምንም የለውም» ካለ እሱ ያስመርምረው፤ ካልሆነ የጎማና የፍሬኑ ወጪ በእናንተ ላይ ይወድቃል።

እንደ ደረሳችሁ አትሩጡ። ሲልቨር ስፕሪንግ የቀይ መስመር ባቡርና የራይድ ኦን አውቶቡስ አለ፤ የመንጃ ፈቃዱን ፈተና እስክታልፉ ጊዜ አላችሁ። ከ11,000 ዶላሩ ለመኪናው ከ9,000 በላይ አትመድቡ፤ ቀሪው ለግብር፣ ለመጀመሪያው ኢንሹራንስ፣ ለልጅ መቀመጫና ለመጀመሪያው ጥገና ይሄዳል። ከግለሰብ ስትገዙ ሻጩ ታርጋውን ፈትቶ ሲወስድ እንዳትደነግጡ፤ እዚህ ታርጋ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚቀረው። የራሳችሁ እስኪወጣ መኪናውን መንዳት ስለማይቻል፣ ኢንሹራንሱንና ጊዜያዊ ታርጋውን ሳትጨርሱ ገንዘቡን ከፍላችሁ መንገድ ላይ እንዳትቀሩ።