ነዳጅ አልቆብኝ ድርቆሽ ሜዳ ላይ ያረፍኩ ለት

ወንድሜ «ሴስና 172 የምትባለው ትንሽ ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ እየተማርኩ ነው፣ ነዳጅ አልቆ ሞተር ቢጠፋና ኤርፖርት ባልደርስ መንገድ ላይ ልረፍ ወይስ ሜዳ ላይ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ አንዴ ደርሶብኛል እና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

ቨርጂኒያ ነው፣ ከከልፔፐር ወደ ደቡብ። አሮጌ 172ኤን ተከራይቼ፣ ከኔ በፊት ያበረራት ልጅ «ታንኩ ሙሉ ነው» አለኝ፣ ጠዋቱ ብርድ ነበር፣ ክንፉ ላይ ወጥቼ እንጨት ነክሬ መለካት ሰነፍኩ። የነዳጅ መለኪያው ጌጅ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ሙሉ ከሆነ ለምን ግማሽ ይላል ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት ጠፋ፣ «የሴስና ጌጅ መቼም ይዋሻል» ብዬ ተነሳሁ። ሙሉ ብትሆን 40 ጋሎን የምትጠቀምበት አለ፣ በሰዓት 8 ገደማ ትጠጣለች፣ በኔ ሂሳብ አምስት ሰዓት አለኝ። ከተነሳሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆነኝ የሁለቱም ታንክ መርፌ ታች ወርዶ እያየሁት አሁንም ይዋሻል አልኩ። የሚያናድደው ሌላው ቢቀር ዜሮ ላይ ትክክል እንዲያነብ ህጉ ግድ ይለዋል፣ እኔ እሱ እውነት በሚናገርበት ሰዓት ነው ያላመንኩት።

ከመሬት 3,000 ጫማ ላይ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ። ፕሮፔለሩ በነፋስ ይዞራል ጉልበት ግን የለም፣ ምላሴ ደረቀ። ያለ ሞተር ሩቅ የምትንሸራተትበትን ፍጥነት 65 ኖት ያዝኩ፣ ፍጥነቱን እንድትጠብቅ ትሪም አደረግኩ፣ ካርብ ሂት (የካርቡሬተር ማሞቂያውን) ሳብኩ፣ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) ሪች፣ ማለት ነዳጅ እንዲበዛበት አደረግኩ፣ የታንክ መምረጫው ሴሌክተር ቦዝ (ሁለቱም) ላይ ነበር ግራ አልኩት ቀኝ አልኩት፣ የሞተሩን እሳት የሚሰጠውን ማግኔቶም ሞከርኩ፣ ወይ ፍንክች። ከዛ ከፍታ ያለህ አራት ደቂቃ ገደማ ነው፣ እኔ ከሷ ላይ አንዷን የበላሁት ኤርፖርቱ ይደረሳል አይደረስም እያልኩ ነው። ነፋስ ከሌለ በ1,000 ጫማ 1 ተኩል ማይል ትሄዳለህ፣ ከፊትህ ከነፈሰ ያንሳል፣ ሂሳቡ እዛው አልቋል።

መንገዱ ከላይ ሲታይ እንደ ራንዌይ ያምራል፣ እኔም ዓይኔ ሄዶ ነበር። ግን የመብራት ሽቦ ከላይ አይታይም፣ የሚታየው ምሰሶው ነው፣ ምሰሶ ካየህ ሽቦ አለ በል። መኪና ውስጥ ያሉት ሰዎችስ ምን በደሉ? ስለዚህ የታጨደ ድርቆሽ ሜዳ መረጥኩ፣ ጫፉ ላይ ቤት አለ። ቤቱን የፈለግኩት የኢትዮጵያ አየር መንገዱ ካፒቴን ልዑል አባተ ትዝ ብሎኝ ነው፣ በ1989 ዓ.ም. የተጠለፈው ቦይንግ 767 ነዳጅ ሲያልቅበት ኮሞሮስ ባህር ላይ ያሳረፈው ከዳር አጠገብ ስለነበር ነው የደሴቱ ሰዎችና ቱሪስቶች በጀልባ የደረሱላቸው፣ ከ175 ሰው 50 ተረፈ። የኔ ከሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም ግን ሰው አጠገብ መውደቅ ጥሩ ነው።

ሜዳው የታረሰ ከሆነ ፈሩን ተከትለህ ውረድ እንጂ አታቋርጠው። ሜዳው ላይ እንደምትደርስ ስታረጋግጥ ሚክስቸርና ነዳጁን ዝጋ፣ መሬት ከመንካትህ በፊት በሩን ክፈተው፣ ብረቱ ከተጣመመ አይከፈትም። ማስተሩን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ግን ፍላፕ፣ ማለት ቀስ ብለህ እንድትወርድ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን፣ ሳትጨርስ እንዳታጠፋ፣ ፍላፑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሰራው።

ትልቁ ነገር ፍጥነት ነው። በሰዓት 80 ኪሎሜትር ሆነህ በ9 ጂ (የክብደትህን ዘጠኝ እጥፍ በሚያህል ጫና) ለመቆም 3 ሜትር ይበቃሃል፣ በ160 ከሆነ ግን 11 ተኩል ሜትር ይፈልጋል፣ ስለዚህ አጥር እንኳን ቢመጣ ቀስ ብለህ እየተንከባለልክ ግጨው እንጂ አጥሩን ልዝለል ብለህ አፍንጫ ቀና አድርገህ እላይ ስቶል እንዳታደርግ (ክንፉ መሸከም አቅቶት እንዳትወድቅ)፣ ሰው የሚሞተው እዛ ጋ ነው። እኔ እንደ ሶፍት ፊልድ (ለስላሳ መሬት ላይ እንደሚያርፉት) አፍንጫዋን ቀና አድርጌ ይዤ በዋናው ጎማ አሳረፍኳት፣ ስትንገጫገጭ ጥርሴ ተፋጨ እንጂ ምንም አልሆንኩም።

ወርጄ የሁለቱንም ታንክ ክዳን ከፈትኩ፣ ወለሉ ደርቆ ያብለጨልጫል። ገበሬው በፒካፑ መጣ፣ ሽማግሌ ሰውዬ ናቸው፣ ደህና ነህ ወይ እንኳን ሳይሉ አየት አደረጉኝና «ጋዝ አለቀብህ?» አሉኝ።