ወንበራቸውን ትተው ወደ ሎውል ስለተመለሱት ሰው

ውድ ወጣቶች፣

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገልሁ፣ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ሥራ በያዛችሁባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእድገት ነገር እንቅልፍ እንደሚነሣችሁ ከራሴ ስለማውቅ፣ ትልቅ ወንበር በገዛ ፈቃዳቸው ስለለቀቁት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ሴናተር ስለ ፖል ሶንጋስ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሶንጋስ በ1941 በዚያው ግዛት በሎውል ከተማ፣ ላውንደሪ ከነበረው የግሪክ ዝርያ ካለው ቤተሰብ ተወለዱ። ሎውል በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ብትሆንም፣ እርሳቸው ባደጉበት ዘመን ብዙዎቹ ተዘግተው ከተማዋ ደህይታ ነበር። በ1962 ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ከመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ (የአሜሪካ መንግሥት የሚልካቸው በጎ ፈቃደኞች) መምህራን ጋር ወደ አገራችን መጥተው ወሊሶ ላይ ሁለት ዓመት አስተማሩ፤ ሕይወታቸውን የቀረጸው ያ ጊዜ እንደሆነም በኋላ ተናግረዋል። ከዚያ ሕግ ተማሩ፤ የፖለቲካ ሥራቸውንም የጀመሩት በትውልድ ከተማቸው ምክር ቤት ነው። በ1974 ለተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ1978 ደግሞ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡት የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር የነበሩትን ኤድዋርድ ብሩክን አሸንፈው ሴኔት ገቡ። በዚያው ዓመት የሎውል አሮጌ ፋብሪካዎች በሕግ ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ሲሆኑ፣ ለዚህ ከደከሙት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ።

በ1983 ገና በ42 ዓመታቸው ሊምፎማ የተባለው ካንሰር ተገኘባቸው። ሦስት ትንንሽ ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። በ1984 መጀመሪያ ላይ ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ አስታወቁ፤ ወንበሩም በምርጫ ለጆን ኬሪ ተላለፈ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ እንድናገር ፍቀዱልኝ። የመምሪያ ኃላፊነት ለማግኘት ስሮጥ፣ በጀት በሚዘጋበት ሰሞን ሌሊት ስድስት ሰዓት ቤቴ ስገባ፣ ልጄ አሥረኛ ክፍል ደረሰች። ለፈተና ስትዘጋጅ የምትወደው ትምህርት የትኛው እንደሆነ አንድ ዘመድ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። ኃላፊነቱን አገኘሁት፤ ከአራት ዓመት በኋላም መዋቅሩ ሲቀየር መምሪያው ራሱ ታጠፈ። ያመለጡኝን ማታዎች ግን የሚመልስልኝ መዋቅር አልተገኘም። ሶንጋስን ያስቆማቸው ሕመም ነው፤ እናንተ በጤናችሁ ሳላችሁ እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ።

ቤት መመለስ ሥራ መተው እንዳይመስላችሁ። በ1986 የመቅኔ ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው በኋላ፣ በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲያቸው እጩ ለመሆን በኒው ሃምፕሸር ግዛት የተካሄደውን ቅድመ ምርጫ ከቢል ክሊንተን ቀድመው አሸንፈዋል። ለመካከለኛው መደብ ግብር እንቀንሳለን የሚለው ተስፋ ድምፅ በሚያስገኝበት ወቅት፣ ዕዳ የተከመረበት መንግሥት ይህን ሊያደርግ አይችልም ብለው ፊት ለፊት ይናገሩ ነበር፤ በሙያዬ ምክንያት ይሁን አይሁን፣ ከንግግራቸው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። በመጋቢት ከውድድሩ ወጡ። በዚያው ዓመት ከሪፐብሊካኑ ሴናተር ከዋረን ረድማን ጋር ሆነው፣ የአገሪቱን የበጀት ጉድለት የሚከታተል የኮንኮርድ ኅብረትን መሠረቱ።

አንድ ነገር ግን አላወድስላቸውም። በ1987 ካንሰሩ ተመልሶ እንደነበረና እንደታከሙ ለመራጩ አልተናገሩም፤ ጉዳዩ የታወቀው ከውድድሩ ከወጡ በኋላ ነው። ስለ ዕዳ እውነቱን የነገሩት ሕዝብ፣ ስለ ጤናቸውም እውነቱን ማወቅ ይገባው ነበር።

ሴኔት የቆዩት ስድስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ኖረው፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1997 በ55 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩት እዚያው ሎውል ነው።