ለመጀመሪያ ሜካኒካል ኪቦርድ፦ ቀዩ፣ ቡናማው ወይስ ሰማያዊው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ አምስት ዓመት እኔም እንዲሁ ግራ ገብቶኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ቤት ሆነሽ የትርጉም ሥራ ትሠሪያለሽ፤ አብዛኛውን ማታ። ክፍሉን ከታናሽ እህትሽ ጋር ነው የምትጋሪው። ወንድምሽ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዱባይ ይመጣል፤ ሜካኒካል ኪቦርድ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ስዊች የሚባል ለብቻው የሆነ ትንሽ መጫኛ ያለው ኪቦርድ፣ እንዲያመጣልሽ ትፈልጊያለሽ። ግን አንዱ ቀይ ስዊች ያለው ግዢ ይልሻል፣ ሌላው ቡናማ፣ ሌላው ሰማያዊ። እዚህ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መመለስ የለም። እኔም በጽሑፍ ሥራ ነው የምተዳደረው። ሦስቱንም ወራት ወራት ሠርቼባቸዋለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቀለሙ ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። የቁልፉን ክዳን ስታነሺ ከሥሩ አንድ የፕላስቲክ ዘንግ ታያለሽ። ቀለሙ የእሱ ነው። ልማዱን ያመጣው ኤምኤክስ የሚባለውን ስዊች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣው የጀርመኑ ቼሪ ነው። ውስጡ አንድ ሞላ፣ ያ ዘንግ፣ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ። ዘንጉ ሲወርድ ምላሶቹ ይነካካሉ፤ ፊደሉ ይጻፋል። በቃ ይኸው ነው።

የቀዩ ዘንግ ጎኑ ለጥ ያለ ነው። ከላይ እስከ ታች ያለ እንቅፋት ይወርዳል፤ ሊኒየር ይሉታል። የቡናማው ዘንግ ጎኑ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፤ ስትጫኚ መሐል ላይ ጣትሽ ይሰማታል። ይህ ታክታይል ነው። ሰማያዊው ከጉብታው ሌላ ተንሸራታች ቁራጭ አለው፤ ቁራጩ ተወርውሮ ሲወርድ «ቀጭ» ይላል። ክሊኪ የሚባለው እሱ ነው። የቼሪዎቹን ብንወስድ ቀዩ ወደ 45 ግራም፣ ቡናማው ወደ 55፣ ሰማያዊው ወደ 60 ግራም ግፊት ይፈልጋሉ። ፊደሉ የሚጻፈው ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ ስትጫኚ ነው፤ እስከ ታች ያለው ርቀት ግን 4 ሚሊሜትር ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዢልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

ከእነዚህ ሦስት ቀለሞች ውጭ በቀለም አትተማመኚ። ከሌሎቹ ስዊች አምራቾች የጌትሮን ቢጫ ሊኒየር ነው፤ የካይል ቦክስ ነጭ ደግሞ ክሊኪ ነው። ቀለሙን ሳይሆን ዓይነቱን ጠይቂ።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ሰማያዊውን ነው። ድምፁ የድሮ የጽሕፈት መኪና ያስታውሳል፤ ሦስት ቀን በደስታ ጻፍኩበት። ያኔ ልጃችን የስምንት ወር ሕፃን ነበረች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። በአራተኛው ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቃችብን። በር ዘጋሁ፣ ከኪቦርዱ ሥር ፎጣ አጥፌ አነጠፍኩ። ፎጣው ጠረጴዛው ላይ የሚያስተጋባውን ይቀንሳል፤ ቀጭታውን ግን አይነካውም፤ ምክንያቱም ድምፁ የሚወጣው ከስዊቹ ከራሱ ሆድ ነው። በስልክ ከደንበኛ ጋር እያወራሁ ማስታወሻ ስይዝ ደግሞ ሰውየው «ምንድን ነው የሚንቀጫቀጨው?» ይለኝ ነበር። ስለዚህ አንቺ እህትሽ አጠገብሽ ተኝታ እያለች ሰማያዊ ማለት የለም። ለብቻው ክፍል ላለው ሰው ግን ደስ የሚል ስዊች ነው፤ ይህን ሳልመሰክር ማለፍ አልፈልግም።

አሁን ብዙዎች የማይነግሩሽን ነገር ልንገርሽ። እኛ የምንጽፈው አማርኛ ነው። በድምፅ በሚተየበው ዘዴ «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ ጣትሽ ግን አምስት ጊዜ ይመታል። ጠ እና ጨ ሲመጡ ደግሞ ሺፍት መያዝ አለብሽ። ሺፍትን የምትጫነው ትንሿ ጣት ናት፤ ከሁሉም ደካማዋ። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሺፍት የሚነካው በአብዛኛው ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ነው። እኛ አንድ መስመር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምንነካው ቁጠሪ። ረጅም ሰነድ ስተረጉም በሰማያዊው የቀኝ ትንሿ ጣቴ እስከ ክንዴ ታመመች። ወደ ቀዩ፣ ወደ 45 ግራሙ ስቀይር በሁለት ሳምንት ተሻለኝ። ለአማርኛ ጸሐፊ የስዊቹ ክብደት ከድምፁ እኩል ያሳስበኛል የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ቡናማው ሁለት ዓይነት ወሬ ትሰሚያለሽ። አንዱ «ለጽሑፍ ከእሱ የተሻለ የለም» ይላል፤ ሌላው «ጉብታው አይሰማም» ይላል። የእኔ አስተያየት ይኼ ነው፦ እንደ አመታትሽ ይወሰናል። ከላፕቶፕና ከተራው ኪቦርድ የመጣን ሰዎች እስከ ታች ጠርቀም አድርገን ነው የምንመታው። እንዲህ ከሆነ ጉብታዋን በሳምንት ትረሺያታለሽ። ቅድም ያልኩሽን 2 እና 4 ሚሊሜትር አስታውሺ። ቡናማው ጉብታዋ ላይ ስትደርሺ እንድታቆሚ ያስተምርሻል፤ የቀረውን ርቀት ካልወረድሽ ጣትሽም አይደክም፣ ድምፁም ይቀንሳል። ይህን ልማድ ለማዳበር ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። እኔን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ቀዩ ዝም ያለ ነው የሚሉሽንም እንዳለ አትቀበዪ። ቀጭ አይልም እንጂ እስከ ታች ስትመቺው ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር ይጋጫል፤ በሌሊት ይሰማል። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሳይለንት የሚባለው ቀይ ነው። ዘንጉ ላይ ትናንሽ ለስላሳ ማረፊያዎች አሉት፤ ሲወርድም ሲመለስም ግጭቱን ይውጡታል። ትንሽ ጄላቲን የመምታት ስሜት አለው፤ የማይወዱት አሉ። እኔ ግን አሁን ይህን የምጽፍልሽ በእሱ ነው፤ ልጄም አጠገቤ ተኝታለች።

ከሁሉም በላይ ግን ወንድምሽን አደራ የምትይው አንድ ቃል አለ፦ ሆት ስዋፕ። ይህ ያለው ኪቦርድ ላይ ስዊቾቹ ቦርዱ ላይ አልተበየዱም፤ በትንሽ መንቀያ ይወጣሉ፣ በጣት ይገባሉ። ካልተመቸሽ የምትቀይሪው ስዊቹን ብቻ ነው። መመለስ በማይቻልበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለጥገናም እንዲሁ። የመጀመሪያው ኪቦርዴ የተበየደ ነበር። አቧራ ገብቶበት ነው መሰለኝ አንዱ ቁልፍ ስመታው ሁለት ሁለት ጊዜ ይጽፍ ጀመር። ለዚያች አንድ ስዊች ጥገና ቤት ሳምንት ከረመ። አሁን ቢሆን ደቂቃ አይፈጅም።

እንግዲህ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሆት ስዋፕ ኪቦርድ ከሳይለንት ቀይ ጋር አስመጣ ነበር። ከቻልሽ 10 ፍሬ ቡናማ ለብቻው ጨምሪበት፤ ብዙ ቦታ በአሥር በአሥር ይሸጣል። A፣ U፣ I፣ O እና E ቁልፎች ላይ ስኪያቸው። አማርኛ ስትጽፊ አናባቢዎቹን ያለማቋረጥ ስለምትነኪ፣ ቡናማ ይስማማሽ እንደሆነ በሦስት ቀን ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ ከመክፈሉ በፊት የሚያያቸው ነገሮች አሉ። ስዊቹ ከሥሩ ሁለት የብረት እግርና መሐል ላይ ወፍራም ፕላስቲክ አለው፤ ይህ ባለ 3 ፒን ነው። ተጨማሪ ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ እግር ካለው ባለ 5 ነው። ባለ 5 ፒኑ ባለ 3 ቦርድ ላይ ካልገባ ሁለቱ ቀጫጭን እግሮች በጥፍር መቁረጫ ይቆረጣሉ፤ አያስጨንቃችሁ። አንዳንድ ርካሽ ኪቦርዶች ግን ሆት ስዋፕ ተብለው የአውቴሙን (የአንድ ስዊች አምራች ስም ነው) ቀጭን እግር ብቻ ነው የሚቀበሉት። ኦፕቲካል የሆኑት፣ ማለትም በብርሃን የሚሠሩትና አጭር ቁልፍ ያላቸውም የተለመደውን ስዊች አይቀበሉም። ሻጩን «የኤምኤክስ ዓይነት ስዊች ሁሉ ይገባበታል?» ብሎ ይጠይቀው፤ የካርቶኑን ጀርባም ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ፎቶውን እዚሁ ካስቀመጥሽው አይቼ እመልስልሻለሁ።