«ግድግዳውን ቀባችሁት እንዴ?»

ባለፈው ሰሞን አንዲት የነርሲንግ ተማሪ መጣችና «ሲስተር፣ የፋርማኮሎጂ ፈተና ደርሶብኛል። ከየመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት የትኞቹን ብሸመድድ ይበቃኛል?» አለችኝ። ደብተሯን ገልጣ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። እኔ ግን መልስ ጠፋኝ። ከ30 ዓመት በፊት ያለፈ አንድ ሌሊት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ልጅቷ ግራ ገብቷት «እሺ፣ ሌላ ቀን» ብላ ሄደች። እንግዲህ ይኼ ለእሷም፣ እንደ እሷ ላላችሁም የዘገየ መልስ ነው።

ሥራ ከጀመርኩ 7 ወሬ ነበር። የሌሊት ተረኛ ነኝ። የልብ ድካም ያለባቸው አንድ አዛውንት መስኮቱ ሥር ተኝተዋል። ለልባቸው ዲጎክሲን የሚባል መድኃኒት በቀን አንድ ክኒን፣ 0.25 ሚሊግራም ይወስዳሉ። እግራቸው አብጦ ስለነበር ከጥቂት ቀናት በፊት ውኃ በሽንት የሚያስወጣው ፉሮሴማይድ ተጨምሮላቸዋል። እብጠቱ እየጎደለ ነው። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ሽንታቸውን እየለካን እንመዘግባለን። ከሽንቱ ጋር ሌላ ምን አብሮ እየወጣ እንደሆነ ግን አላሰብኩም።

ራት አልበሉም። ቻርቱን ሳየው ለካ ትናንትም አልበሉም። «ያቅለሸልሸኛል ልጄ» አሉ። የሆስፒታል ምግብ ማን ይወዳል ብዬ አለፍኩት። ሊነጋጋ ሲል መድኃኒት ሳዞር ቀና ብለው ዙሪያውን አዩና «ግድግዳውን ቀባችሁት እንዴ? ቢጫ ሆነሳ!» አሉኝ።

ሳቅኩ። ተጫዋች ሰው ስለነበሩ ቀልድ መሰለኝ። «አዎ አባባ፣ እርስዎ ሲተኙ ቀባነው» አልኳቸው። አንጓቸውን ይዤ የልብ ምታቸውን ቆጠርኩ። በ15 ሰከንድ 16። በ4 ሳባዛው 64። ከ60 በላይ ነው ብዬ ክኒኑን ሰጠኋቸው፤ ቻርቱ ላይ ፈረምኩ።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? ከዓመት በፊት ፈተና ላይ «ነገሮች ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆነው መታየት የየትኛው መድኃኒት መመረዝ ምልክት ነው?» የሚል ጥያቄ መጥቶልኝ ነበር። ዲጎክሲን ብዬ መልሻለሁ፤ ትክክል ተብሎልኛል። መጽሐፉ «የእይታ መዛባት» ይላል። አባባ ደግሞ «ቀባችሁት እንዴ» አሉ። አንድ ነገር መሆኑ አልታየኝም።

የክፍሉ ኃላፊ ጠዋት ገባች። ደረቷ ላይ ሰዓት የምትሰካ፣ ሁላችንም የምንፈራት ሴት ነበረች። ያቺን ሰዓት ለማንም አታውስም፤ አንዴ ለምኛት «የራስሽን ግዢ» ብላኝ ተቀይሜያት ነበር። ተራዬን ሳስረክብ ላስቃት ብዬ የግድግዳውን ነገር አወራኋት። አልሳቀችም። ስቴቶስኮፗን አንስታ ሄደች። የልባቸው ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተክላ ሙሉ 1 ደቂቃ ቆጠረች። አንድ ደቂቃ እንደዚያ ሲረዝም አይቼ አላውቅም። 46። እሱም አንዴ ዘለል፣ አንዴ ቆም እያለ። የእኔ 15 ሰከንድ ያልቆመባት ሆና ነው። ደማቸው ሲታይ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን 2.8 ሆኖ ተገኘ። ከ3.5 እስከ 5 መሆን ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፉሮሴማይድ ውኃ ሲያስወጣ ፖታሲየምም አብሮ ያስወጣል። ዲጎክሲንና ፖታሲየም ደግሞ የልብ ጡንቻ ላይ ለአንድ ቦታ የሚሻሙ ናቸው። ፖታሲየም ሲጎድል ሜዳው ለዲጎክሲን ይለቀቃል። ያው የዘወትሩ ክኒን፣ መጠኑ ሳይጨምር ይመርዛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ ይህ መድኃኒት ስለሚገኝበት ዕፅ እ.ኤ.አ. በ1785 ሲጽፍ፣ ማስመለሱንም ነገሮች ቢጫና አረንጓዴ ሆነው መታየታቸውንም መዝግቦታል። ማለትም ከእኔ 200 ዓመት ቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል።

አባባ ተረፉ። ዲጎክሲኑ ቆመ፣ ፖታሲየም ተተካላቸው፣ ለጥቂት ቀናት ሞኒተር ላይ ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ ጎንዮሽ ጉዳት የምፈልገው ሰው ከሚያወራው ውስጥ ነው። «ይቺ ሳል አልለቅ አለችኝ» ይላሉ፤ ቤተሰብ ሲሮፕ ሲቀያይር ወራት ያልፋል። ደረቅ ሳል ከሆነ የደም ግፊት መድኃኒቱን ኢናላፕሪል ወይም ሌላ የ«ፕሪል» ወገን ጀምረው እንደሆነ ጠይቁ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን መጠየቁ ይቆይና ወደ ሐኪም ሩጡ። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስዱት እግራቸው ሲያብጥ «ጫማ ጠበበኝ» ይላሉ። ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ላይ ያለው «ምን አላችሁ?» እያለ መደጋገም ከጀመረ ጆሮውን፣ ቀጥሎም ኩላሊቱን አስቡ። እንደ ሰውነት ሆርሞን የሚሠራውን ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው «ተሽሎኝ ተውኩት» ካላችሁ ደንግጡ። ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት አቁሞ ስለሚቆይ በአንዴ አይቆምም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል። ጉዳት የለውም፤ ግን ቀድማችሁ ካልነገራችሁ ደም መስሎት መድኃኒቱን ይጥለዋል።

ምንም የማይሉም አሉ። ሞርፊን ተሰጥቶት ሲጮህ ያደረው ጸጥ ሲል ሁላችንም እፎይ እንላለን። ሞርፊን ትንፋሽንም ያዘገያልና ከእፎይታው በፊት ትንፋሹን ቁጠሩ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የልብ ምትን የሚያዘገየው ፕሮፕራኖሎል ሲጨመርለት ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ እንደ ወትሮው ልቡ ቶሎ ቶሎ ላይመታበት ይችላል። ላቡ ግን አይጠፋም። ግንባሩን ንኩት።

ስለ ፔኒሲሊን አለርጂ አልነግራችሁም። ያንን ሳይጠይቅ መርፌ የሚያነሳ ካለ ይቺን ደብዳቤም አያነብም።

አሁን ስልካችሁ ላይ ሁሉ ነገር አለ። እኔ አንድ መጠን ለማረጋገጥ ፎቅ ለፎቅ መጽሐፍ ፍለጋ እዞር ነበር፤ ቀንቼባችኋለሁ። ግን አንዳንዶቻችሁ ጣት ላይ የሚሰካውን ማሽን ቁጥር አይታችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ፊታቸውን ሳታዩ ታልፋላችሁ። ያናድደኛል። ደግሞ ማን ነው የሚናደደው? በ15 ሰከንድ ቆጥራ የሄደችው እኔው ነኝ፤ ያኔ ስልኩም ማሽኑም አልነበረም።

ስጀምር ተማሪዋን «አትሸምድጂ» ልላት ነበር። ሳስበው ግን ያኔ ባልሸመድድ ኖሮ ኃላፊዋ ለምን ብድግ እንዳለች እንኳ አይገባኝም። በይ ሸምድጂ። በ«ኦሎል»፣ በ«ፕሪል»፣ በ«ሳርታን» የሚያልቁትን የመድኃኒት ስሞች በየወገናቸው ያዢ፤ ሥራውን ያቀልልሻል። ከእያንዳንዱ ጎንዮሽ ጉዳት አጠገብ ግን አንድ መስመር ክፍት ተዪለት። በሽተኛው በራሱ አፍ ምን ብሎ እንደነገረሽ የምትጽፊበት።

አባባ የወጡ ቀን ዕቃቸውን ሰብስበው እጄን ያዙኝ። መረቁኝ። ከዚያ ግድግዳውን በዓይናቸው ዞር ዞር ብለው አዩና «መልሳችሁ ነጭ ቀባችሁት አይደል? ጎበዞች!» አሉ። ያቺን ጠዋት ምን እንደሠራሁ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አዎ አባባ» አልኩና ሳቅኩ።