በረጅም ሌንስ፣ ነገር ግን ከቅርብ፦ የጥምቀት ፎቶዎችን በተመለከተ ለቀረበው ጥያቄ

ጠያቂያችን በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ በ70–300 ሚሊ ሜትር ዙም (የሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ) ሌንስ ሰዎችን ሳይነግሯቸው ያነሷቸው ፎቶዎች ፊቱ ያልጠራ፣ ጀርባው ደግሞ በሕዝብ የተጨናነቀ ሆኖ እንደወጣባቸው ገልጸው፣ የተሻለ ሌንስ ይግዙ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በተመሳሳይ ሌንስ በዓላትን ለዓመታት ያነሳሁ በመሆኔ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚቆሙበትን ርቀት እንዲለውጡ እመክራለሁ።

ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው ራቅ ብሎ መቆም ይቀናዋል፤ ችግሩም በአብዛኛው ከዚያ ይመነጫል። በፉል ፍሬም (ትልቅ የምስል መቀበያ ባለው) ካሜራ፣ በ200 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 5.6 አፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከ5 ሜትር ርቀት ሲያነሱ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ከኋላ ያለው ሕዝብ ይደበዝዛል። ሌላውን ሁሉ ሳይነኩ ወደ 20 ሜትር ቢርቁ ግን ያ ጥልቀት ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ከኋላ የቆሙትም ሰዎች ተለይተው ይታያሉ። በዚህ ላይ የጥር አቧራና ከጋለ መሬት የሚነሣው ሞቃት አየር በመካከል ይገባሉ፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ውድ ሌንስ አያስተካክለውም። ከ5 ሜትር ካሜራውን ወደ ቁም ቢያዞሩት ሰውየው ከራሱ እስከ ወገቡ ፍሬሙን ይሞላል፤ ከዚህ በላይ መጠጋትም አያስፈልግም።

ከዚህ ርቀት ሰው ሳይታወቀው አይነሳም ይሉ ይሆናል። ካሜራውን ሳይደብቁ፣ ሰላምታ ሰጥተው አንድ ቦታ ላይ ከቆዩ ግን በዙሪያዎ ያሉት ለጥቂት ደቂቃ ያዩዎትና ወደ መዝሙራቸውና ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ፤ እውነተኛው ገጽታም ያኔ ይገኛል። በጸሎት ላይ ያለን ሰው ባያነሱ ይሻላል፤ ልጆችን ከሆነ ወላጆቻቸውን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ካነሱ በኋላ «እናቴ፣ ይህን ይመልከቱልኝ» ብሎ ማሳየት ተገቢ ነው፤ አጥፋው ካሉም ወዲያውኑ ማጥፋት።

የፊቱ አለመጥራት ምክንያት የሸተር ፍጥነትም (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ማጠር ወይም መርዘም) ሊሆን ይችላል። ሌንሱ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ የእርስዎን እጅ እንጂ የሚያሸበሽቡትን ሰዎች አያረጋም፤ ስለዚህ ከ1/500 ሰከንድ አይውረዱ። በጠራ ጸሐይ በኤፍ 5.6 እና በአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚቀበልበት የስሜት መጠን) 100 እስከ 1/800 ያገኛሉ፤ ጥላ ውስጥ አይኤስኦውን ወደ 800 ለማሳደግ አይፍሩ፤ ጥቂት ግርድፍነት ከተንቀሳቀሰ ፊት ይሻላልና። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ዙሞች 300 ላይ ጥራታቸው ስለሚቀንስ፣ እኔ ከ250 ማለፍ አልወድም።

ብርሃኑን በተመለከተ ከጥምቀት ይልቅ ከተራን እመርጣለሁ። በጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ የሚወርዱት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ጸሐይዋ ዝቅ ብላ ፊትን ከጎን ታበራለች። በማግሥቱ ታቦታቱ ሲመለሱ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ እኩለ ቀን ስለሚጠጋ ነጠላው ያንጸባርቃል፣ ከሥሩ ያለው ፊት ጥላ ውስጥ ይቀራል። ነጩ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃኑን ራሱ ይቀንሳል፤ የጠይም ሰው ፊትም ይብሱን ይጨልማል። በእንዲህ ያለ ሰዓት የብርሃን ልኬቱን በስፖት (ትንሽ ቦታን ብቻ በሚለካው ዘዴ) ፊት ላይ ብቻ ያድርጉ፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ) ፋይል ያንሱ፤ የሚቻል ከሆነም ሰዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር እስኪገቡ ይጠብቁ፤ እዚያ ፊቱም ነጠላውም እኩል ብርሃን ያገኛሉ። የጸሐይ መከላከያ ጃንጥላ ግን በዚህ አይቆጠርም፤ በተለይ ቀዩ ቀለሙን ፊት ላይ ያወርዳል።

ግዢውን በሚመለከት፣ 70–200 ኤፍ 2.8 ሌንስ ከኤፍ 5.6 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝኑ ቀኑን ሙሉ መሸከሙ ቀላል አይደለም። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ማንሳት የሚፈልጉ ከሆነ ይግዙት፤ በቀን ብርሃን ለሚያነሱት ግን ያለዎት ሌንስ ይበቃል።